ከጀውሃ ድልድይ እስከ መጠለያው በር

የይለፍ ወረቀቴ «ከሐሙስ እስከ እሑድ» ይላል። የተመለስኩት ሰኞ ነው። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የተፈቀደልኝን ቀን አሳልፌ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ያቺ አንድ ቀን እንዴት እንደመጣች ከመነሻው መጻፍ አለብኝ። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቋት በደሴ አውቶቡስ መስኮት ነው፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አያውቋትም። ለእነሱ ስል መንገዱንም፣ ያደርኩበትንም፣ የበላሁትንም አልዘልም።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መኪናዋ የመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ ሾፌሩ በቀለ ነው። በቀለ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። ሲፈራ ይቀልዳል፤ ስለዚህ እሱ ሲቀልድ መንገዱን ማየት ልማዴ ነው። የቤንዚን ኩፖናችን ለመሄጃና ለመመለሻ ልክ ነው፣ ትርፍ የለውም።

የተሰጠኝ ትእዛዝ ግማሽ ገጽ ነው። በድርቁ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ሸዋ ሮቢት ላይ መጠለያ አለ፤ እህሉ እያለቀ ነው። የከተማዋ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ከጀውሃ ድልድይ እስከ መጠለያው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠው ከገበሬው እህል ሊያሰባስቡ ነው። ከታች «አጭር ዜናና አንድ ፎቶግራፍ» ይላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርቴን ሳላወልቅ ሻይ በዳቦ ወሰድኩ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ዋሻው ውስጥ ድረስ ተከትሎን ገባ። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን እንደጀመርን በቀለ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ዛሬ ጾም የያዘ ይመስለኛል» አለ። መንገዱን አየሁ። ከሁለት መታጠፊያ በታች የተገለበጠ የጭነት መኪና ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አድርጎ ተኝቷል። በአንደኛ ማርሽ፣ በቀለ ራሱ ሳይቀልድ፣ ደብረ ሲና ደረስን። እዚያ የፍሬኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ቆመን ቆሎ ቆረጠምን። አንዲት ቆሎ ሻጭ መኪናዋን ዞራ ካየች በኋላ አንድ ስኒ ጨመረችልን፤ ሒሳቡን ግን አልቀበልም አለች።

ካፖርቴን ደብረ ሲና፣ ሹራቤን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ኮቴን ሮቢት መግቢያ ኬላ ላይ አወለቅሁ። በኬላው ያለው ወታደር ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እሑድ ማታ ያልቃል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ሁሉም አውቃለሁ ይላል» ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

አዲስ አበባ በዚያ ሰዓት ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ይደገፋል። ሮቢት ላይ ስንት ሰው አብሮ እንደሚቀመጥ የሚወስነው የጥላው ስፋት ነው። ያረፍንበት ቤት ክፍሎቹ ምድጃ ስለሆኑ የጠፍር አልጋችንን ግቢው ውስጥ አወጡልን፣ አጎበር ሰቀሉልን፤ ባለቤቷም በአልጋው ዙሪያ መሬቱን ውኃ ረጨችው። የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን። «አጎበሩን በደንብ ከፍራሹ ሥር አስገቡት፤ ዘንድሮ ወባው ሰው አይመርጥም» አለችን።

አመሻሹ ላይ መምህር ግርማ መጣ። ቀጭን፣ ችኩል የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የሩጫው ሐሳብ የእሱ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ የእጅ ሰዓቴን አየና «ሰከንድ ይቆጥራል?» አለኝ።

«ይቆጥራል።»

«እንግዲያው ሰዓት ያዣችን እርስዎ ነዎት።»

ሥራው ቀላል ነው። ድልድዩ ላይ መነሻውን እጽፋለሁ፤ በመኪና ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ እከተላለሁ። እሱ የሌሎቹን መግቢያ በር ላይ ሆኖ ይመዘግባል። የመጨረሻው ሯጭ መጠለያው በር ሲገባ እኔ ሰዓቱን ጽፌ ገጹን እዘጋለሁ። ሰዓቶቻችንን አስተካከልን። ከዚያ ባለ ማኅተም የፈቃድ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። መንገዱ የተፈቀደልን ለቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን የሚሄድ የወታደር ኮንቮይ ያልፋል። ይህን ወረቀት ለማስፈረም አንድ ወር ተመላልሷል።

ዓርብ

መጠለያው ድሮ የትምባሆ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ስልሳ ያህል ልጆች አሉበት። የምታስተዳድረው እትዬ ዘነበች ትባላለች፤ ቀድሞ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ስገባ ትልቅ ድስት ላይ ቆማ የማሽላ አጥሚት ታማስላለች። አጥሚቱ ቀጭን ነበር፤ ማማሰያው ሲዞር የድስቱ ታች ይታያል።

ከኋላዋ ግን፣ በግድግዳው ርዝመት፣ እህል የሞሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል። የአንዱ አፍ በዘንባባ፣ የአንዱ በጠፍር፣ የአንዱ በቀይ ጨርቅ ታስሯል። ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሾ ነው። ይህ ሁሉ ባለበት አጥሚቱ ለምን እንደቀጠነ ጠየቅኳት።

«የታሰረ ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ጥያቄው እንደገረማት ያስታውቃል።

በዚህ መሃል ሼህ እንድሪስ አንድ አህያ ጭነው ደረሱ። ጀውሃ አጠገብ ያለ የአንድ ገበሬ ማኅበር ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ መምህር ግርማ አጠገባቸው ቆሞ አንገቱን ያሻል።

«መምህሩ ገበያ መሃል ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ሰው ይሮጣል፣ እናንተ ለሮጠበት እህል ትሰጣላችሁ አለን። ማን እያባረረው ነው የሚሮጠው? አልነው። ማንም አለ። ታዲያ ምን ጠፍቶበት ነው? ምንም አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

«ውጭ አገር እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አስረድቻቸው ነበር» አለ ግርማ።

«እሱን ሲል ጊዜማ የባሰ ሳቅን» አሉ ሼሁ። «ኋላ እነማን ናቸው ሯጮቹ? አልነው። ስም ሲጠራ ሲጠራ ታደሰ ጋ ደረሰ። የወባው ታደሰ? አዎ አለ። እሱንማ እናውቀዋለን! ልጆቻችን ሲንቀጠቀጡ በእግሩ መጥቶ ኪኒኑን የሚያስውጣቸው እሱ ነው። እንግዲያ ታደሰ ከጀውሃ ተነስቶ በደህና እዚህ ከገባ እህሉ ለልጆቹ ነው፣ እንዲህ ነው? አልኩት። መምህሩ ደስ ብሎት አዎ! አለ። እጃችንን ዘረጋን፣ ዱዓ አደረግን፣ ነዝር ሆነ።»

«ክርስቲያኑም ስለት ብሎ አሰረ» አለች እትዬ ዘነበች።

መምህር ግርማ ለአሥራ አራት ሯጮች መዋጮ ያሰባሰበ መስሎት፣ በአንድ ሰው ደህንነት ላይ የተሳለ ስለት ይዞ ተመለሰ። በዚህ አገር ደግሞ የተሳሉት እህል ቤት ውስጥ አይቀመጥም። በተሳሉበት ሰሞን አፉ ታስሮ ወደተሳሉበት ቦታ ይወጣል፤ ስለቱ ሳይደርስ ማንም አይፈታውም። ሌሎቹ አሥራ ሦስት ሯጮች ቢገቡም ባይገቡም ከጆንያዎቹ አንዱም አይነካም።

«እትዬ፣ አንዱን ቢፈቱት ማን ያይብዎታል?» አልኳት።

«ያሰረው ያይብኛል። ያሰሩት እህሉን ብቻ መሰለዎት? ፈትቼ ታደሰን አንድ ነገር ቢያገኘው በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

ያልታሰረ እህል የቀራት ቢበዛ እስከ ሰኞ ማታ ነው።

ወደ ሼሁ ዞርኩ። «ቢሞትስ?» አልኩ። በሥራዬ የለመድኩት ጥያቄ ስለሆነ እንደ ዘበት ወጣ።

«አላህ ይጠብቀው። እንዲያ ከሆነ ለሰደቃው ነው። ለሌላ አይሆንም።»

ታደሰን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። የጤና ረዳት ነው፤ የደብረ ማርቆስ ሰው፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ሮቢት ያለችበት ቀወት ወረዳ ከተመደበ ስምንት ዓመቱ። በእግሩ ያልደረሰበት መንደር የለም ይላሉ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ውሾች ከቆሙ የጭነት መኪኖች ሥር በተኙበት ሐሩር፣ ጋቢ ተከናንቦ መጣ። ለሰው ሁሉ እየሳቀ ሰላምታ ሰጠ። የጨበጠኝ እጁ ትኩስ ነበር።

ጤና ጣቢያው ከመጠለያው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። እዚያ ድረስ ሸኘሁትና በር ላይ ለብቻው ያዝኩት።

«መቼ ጀመረህ?»

«ትናንት ማታ። ክሎሮኪኑን ወስጃለሁ፣ ጋሼ። ከዚህ በፊትም ሰባት ጊዜ ይዞኛል፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል።»

«አትሩጥ።»

«የመንገዱ ወረቀት የነገ ነው። እንደገና ለማስፈረም ሌላ ወር ነው። ልጆቹ ያን ወር ምን ይበላሉ?»

«ሌላ ሰው ቢሮጥልህስ?»

«ስለቱ በእኔ ስም ነው።» ጋቢውን ወደ አንገቱ ሰበሰበ። «ይህን አይጻፉት። ለሼሁም አይንገሩብኝ።»

«አሁን አልጽፈውም» አልኩት። ለሼሁም አልነገርኩም። ምሳችንን ስንበላ በቀለ ምን ሆነው ነው የማይበሉት አለኝ፤ ሙቀቱ ነው አልኩት። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሽሮ መልካም ነበር፤ እንጀራው እንዳለ ተመለሰ።

ቅዳሜ

ጀውሃ ድልድይ ላይ አሥራ አራት ሯጮች ተሰለፉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ያዘጋጀውን ንግግር አወጣ፤ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና ግማሹን መልሶ አጠፈው። ሰዓቴ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲል «ተነሱ!» አልኩ፤ «መነሻ 12፡20» ብዬም ጻፍኩ። ከጎኑ «መግቢያ» የሚል ቃል አሰፈርኩና ፊቱን ባዶ ተውኩት።

አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንደ ተለቀቀ ፈረስ ወጣና ከዓይናችን ተሰወረ። ታደሰ በሸራ ጫማ፣ ትንሽ ሮጥ ትንሽ ሄድ እያለ መጨረሻ ሆነ። እኛ ከኋላው በአንደኛ ማርሽ እንከተላለን። ጋቢውን አውልቋል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በየማሽላው ዳር የቆመው ገበሬ ይጮህለታል።

«ታደሰ! ማን ነው የሚያባርርህ?»

«ወባ!» ብሎ መለሰ። መንገድ ዳር ያለው ሰው በሙሉ በሳቅ ወደቀ። እኔ አልሳቅሁም። በቀለ አየኝ፤ እሱም መሳቁን ተወ።

ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሞተሩ እንፋሎት ወጣ። በዚያ ሐሩር በእርምጃ ፍጥነት መንዳቱ ውኃውን አፈላው። በቀለ ኮፈኑን ከፍቶ «ይህችም ትኩሳት ይዟታል፣ ጋሼ» አለ። ውኃ ፍለጋ ጄሪካን ይዞ ወደ እርሻው ሲወርድ፣ እኔ ካሜራዬን መኪናው ውስጥ ትቼ በቆዳ ጫማዬ ታደሰን ተከተልኩ። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሮጥኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

መቶ እርምጃ ይሮጣል፣ መቶ ይራመዳል። ሩጫው ወደ ሰማንያ፣ ወደ ሃምሳ ወረደ። ልቁጠርልህ አልኩት፤ ቁጥር ስሰጠው ይሻለዋል መሰለኝ። አንድ ቦታ ላይ ወደ እኔ ሳይዞር «ልጆቹ በሉ?» አለኝ። በልተዋል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ጠየቀኝ። ከዚያ መንቀጥቀጡ መጣ፤ ጥርሱ ሲጋጭ ይሰማኛል። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ከአንድ የሮቃ ዛፍ ሥር ቁጭ አለ፤ ወዲያው በጎኑ ተጋደመ። ስሙን ጠራሁ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ አይመልስም።

ግራ ቀኜን አየሁ። መኪና የለም። ሌሎቹ ሯጮች ሄደዋል። በኮዳዬ የቀረውን ውኃ ግንባሩ ላይ አፈሰስኩ። በብዙ አስቸጋሪ ቦታ ቆሜ አውቃለሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬን በጥርሴ ነክሼ መያዜን ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሽንኩርት የምታርም አንዲት ሴት ከማሳው ቀና ብላ አየችን። አልመጣችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መንደሩ ተጣራች። ከመንደሩ ሌላ ድምፅ ተቀበላት፤ ከዚያም ማዶ ሌላ። ብዙ ሳይቆይ ስድስት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ማን ነው፣ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጋቢ አለበሱት፣ አነሱት፣ እግራቸውም ወዲያው ሩጫ ሆነ።

በእኛ ከተማ ሰው ቢወድቅ ታክሲ ይጠራል፤ ታክሲ ከሌለ ሰው ከቦ ይመክራል። እዚህ በሽተኛ መንገድ ላይ ከተገኘ ያገኘው መንደር እስከ ድንበሩ ይሸከማል፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው ይቀበላል። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። አንድ ደረቅ ሸለቆ ስንደርስ ማዶው ላይ ስድስት ሌሎች ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ለቅብብሉ ጊዜ የሚባክን መሰለኝና «እናንተው እስከ ከተማ ብትዘልቁ አይፈጥንም?» አልኩ። ያስረከበው ሰው ላቡን እየጠረገ አየኝ።

«የእኛ ድርሻ እስከዚህ ነው። የእነሱ ትከሻ ገና አልደከመም» አለ።

ልክ ነበር። አዲሶቹ ቃሬዛውን ይዘው ሲፈተለኩ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ እንኳ ልደርስባቸው አልቻልኩም። በሁለተኛው ሸለቆ ሌሎች ተቀበሉ። አራት ሰዓት ሲሆን የኮንቮዩ ድምፅ ከደቡብ ተሰማ፤ አስፋልቱን ትተው በታጨደ ማሽላ መሃል ገቡ። አገዳው እግሬን ቧጠጠው። ጭነት መኪኖቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ወታደሮቹ ወደ እኛ አዩ፤ ምን እንዳዩ አላወቁም።

በመጨረሻው ሸለቆ ላይ ከከተማ የወጡ ሰዎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሼህ እንድሪስ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል። የቃሬዛውን አንድ ማዕዘን ያዙ።

«ሼህ፣ ይተዉት፣ እኔ ልያዝ» አልኩ።

«ዞር በል! አንተ መጻፍህን ጻፍ» አሉኝ።

ጤና ጣቢያው ደረስን። ነርሷ ፊቱን እንዳየች ጥያቄ ሳታበዛ ኩዊኒን በግሉኮስ ሰቀለችለት። መምህር ግርማ እየሮጠ መጣ፤ አሥራ ሦስቱ ገብተዋል፣ ተማሪው አንደኛ ወጥቷል። አንደኛ ስለወጣው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ይዝጉት፣ ሩጫው አልቋል» አለኝ ደብተሬን እያየ።

«መግቢያው መጠለያው በር ነው ብለኸኛል። አልገባም።»

ግቢው በሰው ተሞላ። ሊቀመንበሩ እጁን አነሳ። «ጓዶች! ሰውየው ሮቢት ገብቷል። እህሉ ይፈታ።»

«ገብቷል» አሉ ሼህ እንድሪስ፤ አሁንም ያለከልካሉ። «በደህና ግን አልገባም።»

«ሼህ፣ ይህ ኋላቀር አስተሳሰብ ነው። ልጆች በእህል መሃል ተቀምጠው አይራቡም።»

«ልክ ነህ። ታዲያ ሰውየው ተኝቶ ሲንዘፈዘፍ ስለቱን ደረሰ ብለን ብንበላበት፣ ይነሳል?»

ሊቀመንበሩ ወደ መጠለያው ዞሮ አየ። ለእውነት ያህል፣ ስለ ልጆቹ እንጂ ስለ ሌላ አልተናገረም። «እስከ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እጠብቃለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ በቀበሌው ኮሚቴ ስም እኔው በቢላ እፈታዋለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።»

እሑድ

ወረቀቴ የሚያልቅበት ቀን ነው። በቀለ የመኪናዋን የራዲያተር ቀዳዳ በጨርቅና በሳሙና ደፍኖ ይዟት መጥቷል፤ ሞተሩ ይሠራል። ኩፖኑም ለመመለሻ ይበቃል። «ከቀትር በፊት ብንወጣ ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ወረቀቷ እንደ ሲንደሬላ በእኩለ ሌሊት...» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ከጠዋት እስከ ማታ ከየመንደሩ ሰው መጣ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ፣ ነርሷን «እንዴት አደረ?» ይላሉ፣ «እንዳለ ነው» ትላለች፣ ከአጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። በዚያ የተቀመጠ ሁሉ ጆንያ ያሰረ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገ፤ አጥሩ ሥርም ዱዓ ሲደረግ ሰማሁ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ሕመምተኛውን ላለማስፈራት መሰለኝ።

እትዬ ዘነበች ጋ ሄድኩ። አጥሚቱ ዛሬ ከዓርቡ ይልቅ ቀጥኗል። ልጆቹ ጆንያዎቹን ተደግፈው ይጠጣሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ በጣቷ ቀዩን ጨርቅ ትነካለች፣ እትዬ ዘነበች ስታያት እጇን ትመልሳለች።

«ተነሳ?» አለችኝ።

«ገና ነው።»

ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። «እኔ ይህን እህል ለሰደቃ አልቀቅለውም» አለች። «ቢለምኑኝም አልቀቅለውም።»

ከቀትር በኋላ ሼህ እንድሪስ አጠገብ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ከዓርብ ጀምሮ የያዝኩትን ማውጣት ነበረብኝ።

«ሼህ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። ዓርብ ቀን አሞት እንደነበር አውቅ ነበር።»

መቁጠሪያቸውን አላቆሙም። «አንተ ብቻ ያወቅክ መሰለህ? በቆላ፣ በእኩለ ቀን ጋቢ የሚለብስ ሰው ለምን እንደሚለብስ እዚህ የማያውቅ አለ? ንዳድ ነው። ሁላችንም አየነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ደብተሬን ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም። ከአህያቸው ጭነት ላይ አንድ እፍኝ የማሾ ንፍሮ አውጥተው ግማሹን መዳፌ ላይ አደረጉ፤ አብረን በላን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በቀለ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ሰዓቴን አየሁ። ወረቀቴ የሚያልቅበት ሰዓት እየደረሰ ነው።

«ዛሬ አንሄድም» አልኩት።

ሰኞ

ነርሷ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሌሊቱን አልቦታል፤ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ቀይረውለታል። ጠዋት ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ሻይ ጠየቀ፤ ቀጥሎ «እህሉ ተፈታ?» አለ። አልተፈታም ስትለው ሸራ ጫማውን ጠየቀ።

«ተኛ ብዬው ነበር» አለችኝ። «እኔ የምለውን ቢሰማ ኖሮ ቅዳሜም አይወድቅም ነበር።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሊቀመንበሩ ቢላውን ይዞ መጠለያው በር ላይ ቆመ። ሰዓቱን አየ። በዚያው ቅጽበት ታደሰ ከጤና ጣቢያው በር ወጣ። የነርሷን ክንድ ይዟል፤ መንገዱ ላይ ሲደርስ ለቀቀው። ጋቢ የለበሰው በትከሻው ላይ ብቻ ነው። ፊቱ ቢጫ ሆኗል። አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ሌላ አሥር ይሄዳል። ሰዉ ከግራና ከቀኝ ቆሟል፤ ማንም አልደገፈውም፣ ማንም አልጮኸም። እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላው ሆኜ እንደ ቅዳሜው ቁጥሩን እቆጥርለታለሁ። መቶ አርባ ላይ ተንገዳገደ። ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ወደፊት ዘንበል አለ። እሱ ቀና ብሎ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን እንደገና አየ። «የእኔ ሰዓት የሚቀድም ይመስለኛል» አለና ቢላውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው እርምጃ ከበሩ ውስጥ ሆነ። ደብተሬን አውጥቼ «መግቢያ 3፡07» ብዬ ጻፍኩ። ታደሰን ከጆንያዎቹ አጠገብ በበርጩማ ላይ አስቀመጡት። ሼህ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ጆንያቸው ሄዱ። ጣታቸው አልታዘዝ ስላላቸው የዘንባባውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱት። ከዚያ ያሰረ ሁሉ ያሰረውን ፈታ። እትዬ ዘነበች የመጀመሪያውን ስፍር ድስቱ ውስጥ ገለበጠች፤ ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትንሽ ቆመች።

ታደሰ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቅ ነበር። «ጋሼ፣ አሁን ይጻፉት» አለኝ።

ያን ዕለት ገንፎ ሳይቀርብልን እንድንሄድ አልፈቀዱም። አንድ ሰሐን ለሁለታችን አቀረቡልን፤ ልጆቹ ከበሉ በኋላ ነው የበላነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኬላው ደረስን። ያው ወታደር ነው። ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበው።

«ትናንት አልቋል።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ብለውኝ ነበር» አለ። መሣሪያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ምን ሲሠሩ ነው?»

«የቅዳሜው ሩጫ ሰዓት ያዥ ነበርኩ። የመጨረሻው ሯጭ አልገባም ነበር።»

«መቼ ገባ?»

ደብተሬን ገልጬ በመስኮቱ ሰጠሁት። በጣቱ መነሻውን፣ ከዚያ መግቢያውን፣ ከዚያ ከሥሩ ያወጣሁትን ልዩነት ተከተለ፦ ሁለት ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ አርባ ሰባት ደቂቃ።

«የወባው ታደሰ ነው?»

«እሱ ነው።»

«በደህና?»

«በደህና።»

ደብተሩንና ወረቀቱን አንድ ላይ መለሰልኝ፤ ሄዶም ገመዱን ዝቅ አደረገ።